የአዲስ ካሜራ አመል በመሐል ሜዳ

አዲስ የወጣ ዲጂታል ካሜራ አመሉ የሚታወቀው ከተፈተነበት ክፍል ወጥቶ ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው። በፋብሪካው መፈተሻ ክፍል መብራቱ አይርገበገብም፣ ሙቀቱ አይዋዥቅም፣ ፊት ለፊት የተሰቀለው መፈተኛ ሰሌዳም አይነቃነቅም። ነፋስ የለ፣ ጉም የለ፣ ፈረስ የለ፤ «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ድገመኝ» የሚል አጎትም የለ። መሐል ሜዳ ላይ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይገኛል። የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ጠዋት ውርጭ፣ ቀትር ላይ ዓይን የሚወጋ ፀሐይ፣ ማምሻውን ጉም ታቀርባለች። ስለዚህ የካሜራን ጉድለት በሥርዓት መማር የፈለገ ሰው ጃፓን ድረስ መሄድ አያሻውም፤ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ላይ ወደ መንዝ መታጠፍ ይበቃዋል።

ጉድለቶቹ በአምስት ወገን ይመደባሉ፤ የብርሃን፣ የቀለም፣ የዝርዝርና የእንቅስቃሴ፣ የነጠብጣብ፣ በመጨረሻም ካሜራው ራሱ «አስቤልህ ነው» እያለ የሚሠራቸው። ስድስተኛ ወገንም አለ፤ እሱ ግን የካሜራው ስላልሆነ ተራው መጨረሻ ላይ ነው።

ከብርሃን ለመጀመር፣ ካሜራ ዓለም ሁሉ ግራጫ ናት ብሎ ያምናል። ብርሃን መለኪያው የተሠራው ፊቱ ያለው ነገር በአማካይ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ይመልሳል በሚል ስሌት ነው። ይህ እምነት ለአስፋልትና ለግንብ ይሠራል፤ ለጥምቀት አይሠራም። ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ ፊቱ ሲቆም ካሜራው «ይህን ያህል ብርሃንማ ሊኖር አይችልም» ብሎ ይቀንሰዋል። ሌሊቱን ታጥቦ በፀሐይ የነጣው ጋቢ ፎቶው ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ያጠበችውም ትቀየማለች። ጥቁር የመንዝ በርኖስ የደረቡ አዛውንት ብቻቸውን ሲቆሙ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ በርኖሱ ይገረጣል፣ ከኋላ ያለው ሰማይ ይቃጠላል። ልማዱ የሁሉም ካሜራ ስለሆነ የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ለጋቢው ብርሃን ጨምሮ፣ ለበርኖሱ ቀንሶ ያርመዋል። የአዲስ ካሜራ ባለቤት ግን መመሪያውን የሚያነበው ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው።

ከልኬቱ ቀጥሎ የሴንሰሩ አቅም ይመጣል። ሴንሰር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ብርሃን ተቀባይ ነጥቦች የተደረደሩበት ሲሆን አንዱ ነጥብ የሚይዘው ብርሃን ልክ አለው። ልኩ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ነጭ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ወደ ጎረቤቱ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ገበያ ላይ የዋለው ፉጂፊልም ኤክስ10 ይህን አመል አደባባይ አወጣው። ፀሐይ የሚያብለጨልጭ ነገር ላይ ስታርፍ፣ በብልጭታው ፋንታ ጠርዙ የተስተካከለ ነጭ ክብ ፎቶው ላይ ይቀመጥ ነበር። በቀትር የመሐል ሜዳን ቆርቆሮ ጣሪያዎች በእንዲህ ያለ ካሜራ ማንሳት ማለት እያንዳንዱ ቤት ላይ አንዳንድ ጨረቃ ማውጣት ማለት ነው።

የቀለም ጉድለት ሲነሳ በመጀመሪያ ካሜራውን ከሐሰት ክስ ነጻ ማውጣት ይገባል። በመንዝ ካለው ጓሳ አምባ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ ያነጣጠረ ሰው ፎቶው ሰማያዊ ሆኖ ሲያገኘው «ካሜራው ተበላሽቷል» ይላል። አየር አጭሩን የብርሃን ሞገድ፣ ማለትም ሰማያዊውን፣ ከቀዩ ይልቅ ስለሚበትን የሩቅ ተራራ ሁሉ ሰማያዊ መጋረጃ ይለብሳል። ዓይንና አእምሮ ተባብረው ይህን ችላ ይሉታል፤ ካሜራው ግን ይሉኝታ ስለሌለው ያየውን ይናገራል።

እውነተኛ የቀለም ጥፋት የታየው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ላይካ ኤም8 ነው። የሴንሰሩን ፊት የሚሸፍነው መስታወት እጅግ ቀጭን ተደርጎ ስለነበር ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን በበቂ አልታገደም። ብዙ ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ኢንፍራሬድን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ጥቁሩ ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። ወደ 5 ሺህ የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ የተከፈለበት ካሜራ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሙሽራን ከነሚዜዎቹ ሐምራዊ ለባሽ ሊያደርግ ይችል ነበር ማለት ነው። በመንዝ እንዲህ ያለ ፎቶ የሚያስነሳው ጥያቄ የቴክኒክ አይደለም፤ «ሱፉን ከማን ነው የተዋሰው?» ነው።

ቀይ ቀለምም የራሱ ችግር አለው። የአብዛኛው ካሜራ ሴንሰር የኮዳክ መሐንዲስ ብራይስ ቤየር ባወጣው ሥርዓት የተደረደረ ነው፤ ከነጥቦቹ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ብርሃን ይቀበላል። የፈጠራ መብቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ደማቅ ቀይ ነገር ሲመጣ ጠቅላላው ብርሃን ልከኛ ቢመስልም ቀይ ተቀባዮቹ ቀድመው ይሞላሉ። ጓሳ ላይ ሣር ሲነጭ የሚውለው ወንድ ጭላዳ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በዚህ ምክንያት መስመሩም እጥፋቱም ጠፍቶ ሊወጣ ይችላል። ጭላዳው በቀይ ደረቱ ማንነቱን ያሳውቃል፤ ካሜራው ግን ከቀዩ በቀር ሌላውን አላነበበለትም።

ሦስተኛው ወገን የዝርዝርና የእንቅስቃሴ ነው። ነጠላ እዚህ ላይ ዋና ፈታኝ ይሆናል። የድርና ማጉ መስመር በሴንሰሩ ላይ ካሉት ነጥቦች አሰላለፍ ጋር ሲቀራረብ፣ ጨርቁ ላይ የሌለ ሞገድና ቀስተ ደመና ፎቶው ላይ ይወጣል፤ ሞይሬ ይባላል። ለረጅም ጊዜ የካሜራ ሠሪዎች ሴንሰሩ ፊት ምስሉን በጥቂቱ የሚያለዝብ ማጣሪያ እያስቀመጡ ይህን ሲከላከሉ ኖረዋል። በኋላ ግን ገዢው ጥርት ያለ ምስል ይፈልጋል በሚል እ.ኤ.አ. በ2012 እንደወጣው ኒኮን ዲ800ኢ ያሉ ካሜራዎች የማጣሪያውን ሥራ አስቀሩት። ጥራቱ ጨመረ፤ ሸማኔው ያላሰበው ጥለትም አብሮ መጣ።

ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ጓሳ ሣሩ ራሱ ይበቃል። ቪዲዮ ቦታ እንዳይፈጅ የሚታመቀው ካሜራው ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ ያልተለወጠውን እየዘለለ፣ የተለወጠውን ብቻ በመመዝገብ ነው። ነፋስ የገባበት የጓሳ ሣር ግን እያንዳንዱ ዘለላ ለየብቻው ይወዛወዛል፤ የሚዘለል ነገር አይገኝም። ካሜራው ተጨንቆ ሜዳውን በሙሉ ወደ አረንጓዴና ቡናማ ሙጫ ይለውጠዋል። በመንዝ ነፋስ የሌለበትን ሰዓት መጠበቅ የሚሞከር መፍትሔ ነው፤ ትዕግሥትን ግን ይጠይቃል።

ፈረስም አለ። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ምስሉን ከላይ ወደ ታች በረድፍ በረድፍ ስለሚያነቡት፣ የላይኛው ረድፍ ተነብቦ የታችኛው እስኪደርስ የሚጋልበው ፈረስ ቦታውን ለቋል። በተለይ ድምፅ በሌለው የኤሌክትሮኒክ ሻተር ሲነሳ እግሮቹ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ባለ ፈረሱ ፎቶውን አይቶ በመጀመሪያ የሚመረምረው ፈረሱን ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የመብራት መርገብገብ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ካሜራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ60 ኸርዝ አገር ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ በሠርጉ ድንኳን ውስጥ ሲቀረጽ ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «መብራት ሊጠፋ ነው» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ከማውጫው ውስጥ 50 ኸርዝ ወይም ፓል የሚለውን መርጦ የሻተሩን ፍጥነት የሰከንድ 50ኛ ወይም 100ኛ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ያበርደዋል።

አራተኛው ወገን ነጠብጣብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኒኮን ዲ600 ገና ከአዲስነቱ ሴንሰሩ ላይ ብናኝ ያጠራቅም ጀመር፤ በተለይ የሌንሱ ቀዳዳ ሲጠብ ነጠብጣቡ ሰማይ ላይ ጎልቶ ይታያል። የመንዝ ሰማይ ሰፊ ስለሆነ ጥቁሯ ነጥብ በመጀመሪያው ፎቶ አሞራ ናት ተብላ ታልፋለች። በሁለተኛውም ፎቶ እዚያው ቦታ ላይ ስትገኝ አሞራዋ ትጉ ናት ተብላ ትመሰገናለች። ድንኳን ውስጥ ስትታይ ግን ምርመራ ይጀመራል።

ሌሊት ሌላ ነጥብ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 በጨለማ የሚበራ ትንሽ ብርሃን ሲያነሳ ከብርሃኑ በስተቀኝ ጥቁር ነጥብ ያስቀምጥ ነበር። በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ የያዘ ምእመን ሁሉ ለእንዲህ ያለ ካሜራ ፈተና ነው፤ በእያንዳንዱ ጧፍ አጠገብ የጠፋ ጧፍ ይጨመርበታል።

በጨለማ የሚታየው ጥቃቅን ዝብርቅርቅ ነቁጣ የሚመጣው ደግሞ ካሜራው ያገኘውን ጥቂት ብርሃን ከነስሕተቱ ሲያጎላው ነው። እዚህ ላይ የመንዝ ብርድ ለአንድ ጊዜ ያግዛል። ሴንሰሩ ብርሃን ሳይኖር ከራሱ ሙቀት የሚያመነጨው የሐሰት ምልክት ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ሴንሰራቸውን በማሽን የሚያቀዘቅዙት ለዚህ ነው፤ መንዝ ይህን አገልግሎት በነጻ ትሰጣለች። ክፍያውን የምትቀበለው ከባትሪው ነው፤ በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሥራ በብርድ ይዘገያልና ማታ ሙሉ የነበረው ሌሊቱን «አለቀብኝ» ይላል። በርኖስ ውስጥ ደረት ላይ ማቀፍ ያነቃዋል። ካሜራው ከውርጭ ወጥቶ እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገባ ደግሞ ሌንሱ ላብ ያወጣል፤ በቦርሳው እንደተዘጋ ቆይቶ ቢሞቅ ይሻለዋል።

አምስተኛው ወገን ካሜራው በራሱ ሥልጣን የሚሠራው ነው። የሶኒ አልፋ 7 ካሜራዎች የሌሊት ሰማይ ሲያነሱ ሻተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ከተከፈተ ትንንሾቹን ከዋክብት እንደ ነቁጣ ቆጥረው ያጠፉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዳዩ በሰፊው አነጋገረ፣ ካሜራዎቹም «ኮከብ በላ» የሚል ስም ወጣላቸው። የከተማ መብራት ለማይጋርዳት መሐል ሜዳ ይህ ትልቅ ዕዳ ነው፤ ሰማዩ ሙሉ ነውና የሚበላው ብዙ ነው።

ስልኮች ደግሞ ከሰማይ ወርደው ፊት ላይ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስኤስ በፊት ለፊት ካሜራው የሰውን ቆዳ ከልክ በላይ አለሰለሰ ተብሎ ተከሰሰ። ምክንያቱ ከብዙ ምስሎች አንዱን መሠረት አድርጎ ሲያዋህድ ጥርት ያለውን ሳይሆን ደብዘዝ ያለውን መምረጡ ነበር። ሆነ ብለው ቆዳ የሚያስውቡ ስልኮችም አሉ። እነዚህ ነፋስና ፀሐይ ለሰባ ዓመት የጻፉትን የአያት ፊት ሲያገኙ ሽብሽቡን ይጠርጋሉ፣ ግንባር ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳትም እንደ እድፍ ቆጥረው ያደበዝዛሉ። አያት ፎቶውን ተቀብለው «ይህችማ የማን ልጅ ናት?» ቢሉ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጉድለቱ ሲገለጥ ከሠሪዎቹ የሚመጣው መልስም ዓይነት ዓይነት አለው። አንደኛው «ጠባዩ ነው» የሚለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አይፎን 5 ብርሃን ከጎን ሲመታው ሐምራዊ ጭጋግ በማሳየቱ ሲወቀስ፣ አፕል ትንንሽ ካሜራዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያሳዩ ገልጾ ካሜራውን ዘወር ማድረግን ወይም በእጅ መከለልን መከረ። ሁለተኛው መለዋወጫ መስጠት ነው፤ ላይካ ለኤም8 ገዢዎች ሌንሱ ላይ የሚገጠሙ ሁለት ማጣሪያዎች በነጻ ሰጠ፣ ፉጂፊልምም የኤክስ10ን ሴንሰር ቀየረ። ሦስተኛው በሶፍትዌር ማረም ነው፤ የካኖን ጥቁር ነጥብ እ.ኤ.አ. በጥር 2009፣ የአይፎኑ ልስላሴም በዚያው በ2018 መገባደጃ በዚህ መንገድ ተቃለሉ። አራተኛው ፕላስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 በጨለማ የራሱ ማሳያ መብራት ልኬቱን ሲያዛባበት፣ የታረሙት ካሜራዎች ተፈትተው ሲታዩ ውስጣቸው ጥቁር ፕላስተር ተገኘ። አምስተኛው ስም መቀየር ነው፤ ዲ600 በተወቀሰ በዓመቱ ዲ610 ወጣ፣ የቀድሞው ሻተርም በነጻ እንዲቀየር የተፈቀደው ቆይቶ ነው።

ለመሐል ሜዳ ገዢ ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ሩቅ ናቸው። ካሜራው የመጣው በሻንጣ ነው፤ ዋስትናው ሻንጣው ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ፈተናው ገንዘብ ሳይከፈል፣ ካሜራውም ሊመለስ የሚችልበት ቀን ሳያልፍ መደረግ አለበት። ሌንሱን አጥብቦ ባዶ ሰማይ ማንሳት ነጠብጣቡን፣ በጨለማ ቤት አንድ ጧፍ ማንሳት የብርሃኑን፣ የተዘረጋ ነጠላ ማንሳት የሞይሬውን፣ ጥቁር ልብስ ማንሳት የቀለሙን፣ ሽብሽብ ያለው ፊት ማንሳት የሶፍትዌሩን አመል ያወጣል።

የቀረው ስድስተኛው ወገን ነው። በሠርግ መካከል ፎቶ አንሺው «ቅመስ እንጂ» ተብሎ ዶሮ ወጥ በእጁ ይጎርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ፎቶ ሁሉ ለስለስ ያለ፣ መብራቱ ዙሪያውን የፈነጠቀ፣ ሙሽሪትን በብርሃን የከበበ ይሆናል። ዘመድ «አዲሱ ካሜራ እንዴት ያምራል» ይላል፤ ባለሙያ ደግሞ የሌንስ ጉድለት ነው ብሎ ይጠረጥራል። ሌንሱ ላይ ያለው ቅቤ ነው። ለዚህ ሠሪው የሚልከው ሶፍትዌር የለም፤ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።