አብሽር

ድረ ገጽን ያለ ኮድ አፕ ማድረግ ቀላል ነው፤ አድራሻውን ለጥፍ፣ አርማ ምረጥ፣ ለጎግል ፕሌይ አንዴ 25 ዶላር ክፈል። አፕል ግን በየዓመቱ 99 ዶላሩን ተቀብሎም «ይሄማ ካባ የደረበ ድረ ገጽ ነው» ብሎ ሊመልስህ ይችላል።

ሰውን መለወጥ ግን ከዚህም ይቀላል። በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በጂዛን ተራሮች ሀሩብ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ በዐረብኛ ሲጻፍ «ሽሽት» ከሚለው ቃል አይለይም፤ ከአሠሪዋ ጠፋች የተባለች ሠራተኛም በተለምዶ «ሁሩብ» ትባላለች። የሳዑዲ አገር ውስጥ ሚኒስቴር አፕ ደግሞ «አብሽር» ይባላል፤ ወሎዬ «አይዞህ» የሚልበት ቃል። አሠሪ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ፣ ሻዩን ፉት እያለ፣ «ጠፋች» ብሎ ለማመልከት በዚህ አፕ ላይ ጣቱን ያሳርፍ ነበር፤ ያለ አንድ መስመር ኮድ ሠራተኛዋ ወደ ጠፊ ትለወጥ ነበር።

አብሽሪ፣ እህቴ!