በ4 ሰዓት ይዘጋል

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከተማችን አዲስ ቅዳም ገበያ ውላለች። ድንች የጫኑ ፈረሶች፣ ከሰል የጫነ አይሱዙ፣ በግ የሚጎትቱ ልጆች አስፋልቱን ሞልተውታል። ክረምት በመሆኑ ከገጠር የመጣው ሰው ሁሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ኮምፒውተር ቤቴ በር ላይ ቆሜ ሁልጊዜ የምሰማው ነገር አለ። አርፍዶ ወደ ገበያ የሚገባው ሰው ሸምቶ የሚመለሰውን ያስቆመውና «በታች በኩል አትሂዱ፣ ወንዙ ሞልቷል፤ በላይ በኩል ዙሩ» ይለዋል። አብዛኞቹ አይተዋወቁም። ሰላምታው ሳያልቅ የመንገዱ ነገር ይነሳል። ወንዙን አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ቢኖርና ከኋላው የመጣውን ውኃ ቢወስደው፣ ያ ዝም ያለው ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ በየትኛው ዓይኑ ገበያ ይወጣል?

እኔ ማታ ማታ በምገባበት ዓለም ይህ ነገር ጠፍቷል። ደክሞኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

የምጫወተው ኢቭ ኦንላይን የሚባለውን የኅዋ ጨዋታ ነው። ሲሲፒ የተባለ የአይስላንድ ኩባንያ በ2003 እ.ኤ.አ. አወጣው። እዚያ የተመታች መርከብ አትመለስም፤ የወር ድካም በአንድ ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። በ2009 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ዎርምሆል የሚባሉት ሽንቁሮች ተጨመሩ። ከሽንቁሮቹ ማዶ ከ2,500 በላይ የኮከብ ሥርዓቶች አሉ፤ አንዳቸውም ቋሚ በር የላቸውም። ሽንቁሩ ይከፈታል፣ አብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፤ ከባድ መርከብ ከተመላለሰበት ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ይደረመሳል። በሌላው የጨዋታው ክፍል በሥርዓቱ ውስጥ ያለው ሰው ስሙ በዝርዝር ይታያል። በሽንቁሮቹ ማዶ ግን ሰውየው ራሱ ካልተናገረ ስሙ አይወጣም። ማን አጠገብህ እንዳለ አታውቅም።

ስለዚህ ያለ ካርታ አይኖርም። ትሪፕዋየርና ፓዝፋይንደር የሚባሉትን የጋራ ካርታዎች የሠሯቸው ተጫዋቾች ናቸው፤ በራሳቸው ጊዜ፣ በራሳቸው ድካም። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፕሮብ የሚባለውን መፈለጊያ ትለቃለህ፣ ምልክቶቹን ታገኛለህ፤ እያንዳንዱ ምልክት ሦስት ፊደልና ሦስት ቁጥር አለው። ዝርዝሩን ኮፒ አድርገህ ካርታው ላይ ፔስት ታደርጋለህ። ከዚያ ሽንቁሩ ወዴት እንደሚወስድ፣ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው፣ ክብደት እንደበዛበትና እንዳልበዛበት ትመዘግባለህ። ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ ለወንድምህ መስጠት እንዴት ያቅትሃል?

እኛ አሥራ አንድ ነን። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ስቶክሆልም፣ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ከፋግታ ለኮማ ወረዳ። ካርታውን በየቀኑ የምንሞላው ግን ሦስት ብቻ ነን። የቀሩት ሲገቡ መንገዱ ተሥሎ ይጠብቃቸዋል፤ ተጠቅመውበት ያልፋሉ። አዲስ ሽንቁር ቢያገኙ በልባቸው ይዘው ይወጣሉ። በማግስቱ «ትላንት እኮ ጥሩ መውጫ አግኝቼ ነበር» ይሉናል። ትላንት! የትላንት ሽንቁር ለዛሬ ሰው ምን ያደርግለታል?

በዚያ ላይ የሰዓቱ ጣጣ አለ። የጨዋታው ሰዓት የግሪኒች ሰዓት ነው፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ። የዲሲው ሰው በራሱ ሰዓት ያስባል፣ የስቶክሆልሟ በራሷ፤ እኛ ደግሞ ቀንን ከጠዋት፣ ሌሊትን ከምሽት የምንቆጥር ሰዎች ነን። የጨዋታው 18:00 ለእኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ስንት ጊዜ ተነጋግረንበታል፤ ግን ማስታወሻው ላይ ሲጽፉ የማን ሰዓት እንደሆነ አይጠቅሱም።

አንድ ቀን ከሽንቁሩ ጎን «በ4 ሰዓት ይዘጋል» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ያየሁት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ በአገሬ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ብዬ ወሰድኩት፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አለኝ አልኩ። ጫኝ መርከቤን ይዤ ገባሁ። ማዶ የሦስት ሳምንት ጋዝ ነበረን፤ አሥራ አንዳችንም የለቀምነው። ጭኜ ልመለስ ስል ሽንቁሩ የለም። ለካ የጻፈው ልጅ «ከአሁን ጀምሮ በ4 ሰዓት ውስጥ» ማለቱ ነበር፤ የጻፈው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ተዘግቷል። በአማርኛችን «በ4 ሰዓት» ሁለቱንም ይላል፤ ጥፋቱ የቋንቋው አይደለም፣ አንድ ቃል ጨምሮ ለመጻፍ ያልፈለገው ሰው ነው። ጫኝ መርከቤ ላይ ፕሮብ መልቀቂያ የለም። ሌላ መውጫ መፈለግ አልቻልኩም። አንድ ሰዓት ያህል ተደብቄ ቆየሁ፤ በመጨረሻ ያላየሁት ሰው አገኘኝ፤ መርከቧም ጋዙም ሄደ።

ለቡድኑ ስነግራቸው የጻፈው ልጅ «ውይ፣ እኔ እኮ ያን ማለቴ አልነበረም» አለ። የዲሲው ጋሼ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ «ተው ልጄ፣ ዕቃ ነው፣ ይተካል» አሉኝ። አውቃለሁ ጋሼ፣ ይተካል። እኔን ያሳዘነኝ ጋዙ አይደለም። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን ካርታውን ስከፍት ሌላ ሽንቁር ላይ እንደገና «በ2 ሰዓት ይዘጋል» የሚል አገኘሁ። ያው ልጅ።

ስለ ስያሜውም ልናገር። የሥርዓቶቹ ስም ጄ ተብሎ ስድስት ቁጥር የተከተለው ነው፤ በቃል አይያዝም። እኔና ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬ ለምናዘወትራቸው የአገር ስም ሰጠናቸው። ቤታችን ያለበትን ጥልቁን ዘንገና አልነው፣ እንጅባራ አጠገብ እንዳለው ሐይቅ ክብና ዝም ያለ ስለሆነ። ሌላውን ጥርባ፣ ሦስተኛውን ፋንግ። ደስ ይል ነበር፤ በድምፅ ስንነጋገር «ፋንግ ላይ ሁለት መርከብ አለ» ስንል ወዲያው ይገባን ነበር። ከዚያ አንዱ መጥቶ ዘንገናን «ሆም 2» ብሎ ቀየረው። ሌላው ሌላ ሥርዓት ላይ እንደገና ዘንገና ብሎ ጻፈ። በአንድ ካርታ ላይ ሁለት ዘንገና። ተኩስ ላይ ያለ ሰው «ዘንገና ድረሱልኝ» ሲል የትኛው ዘንገና ብለን እንድንጠይቀው ተገደድን።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን መሰረዙ ነው። ካርታው ላይ አንድ ምርጫ አለ፤ አዲሱን ዝርዝር ስትለጥፍ በዝርዝሩ የሌለውን አሮጌ ምልክት ራሱ ያጠፋልሃል። ጥሩ ነገር ነው፣ የሞቱትን ሽንቁሮች ይጠርጋል። ነገር ግን ስካን የምታደርግበት መስኮት ላይ ማጣሪያ ካለ የሚታይህ ግማሹ ነው። ያንን ግማሽ ኮፒ አድርገህ ከለጠፍክ፣ ሌላው ሰው ሁለት ሰዓት የደከመበት ግማሽ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ይህ በእኛ ቤት በወር ውስጥ አራት ጊዜ ሆኗል። «ማጣሪያህን አንሳ» ብሎ ከመናገር ብዛት አፌ ደርቋል። በየቀኑ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ በጨዋታው 11:00፣ ጨዋታው ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋና ሲከፈት የምልክቶቹ መለያ ይለወጣል። ሽንቁሩ ያው ነው፣ ስሙ ሌላ ነው። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር የሚያዛምድ ሰው ያስፈልጋል። ዲሲ ያሉት በዚያ ሰዓት ገና ነግቶላቸው ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ሥራው የእኔ ሆነ። ማንም አልመደበኝም። ባልሠራው እንደማይሠራ ስላየሁ ነው። ደንበኛ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ቆሞ እየጠበቀኝ በጎን መስኮት ፊደል ሳዛምድ የዋልኩባቸው ቀናት አሉ፤ ለደንበኛውም አዝናለሁ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ይጠፋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ስንቆይ እኔም ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬም ከቡድኑ ጠፋን። ከሦስቱ ሁለታችን ማለት ነው። ስመለስ ካርታው ላይ የማንም ያልሆኑ፣ ከወራት በፊት የሞቱ ሽንቁሮች እንዳሉ ተንጠልጥለው ነበር። ስቶክሆልም ያለችው እህታችን ብቻዋን እስከቻለችው ታግላ ትታዋለች። እሷን አልወቅስም፤ ብቻዋን ምን ታድርግ። የቀሩት ስምንቱ በነዚያ ወራት ይጫወቱ ነበር።

ይህ ጠባይ የጨዋታ ብቻ አለመሆኑ ነው የበለጠ የሚከብደኝ። በዚህ ከተማ ዙሪያ ያለውን መንገድ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ለመሥራት ሞክሬአለሁ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ማንም ገብቶ የሚሥልበት ካርታ ነው። የእኛ ወረዳ ደግሞ መልኩ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ይቆረጥና ከሰል ይሆናል፤ መሬቱ ይታረስና እንደገና ይተከላል። በዛፉ መካከል የነበረው የጋሪ መንገድ አብሮ ይታረሳል። በኋላ ዛፉን በሽታ ሲመታው ደግሞ ብዙ ቦታ ወደ ድንችና ገብስ ተመለሰ። ከሳተላይት የተነሳው ፎቶ ደን ያሳያል፣ ሰው ሲሄድ እርሻ ያገኛል። አንድ የማውቀው ሹፌር ስልኩ ላይ ያለውን መስመር አምኖ በምሽት ከሰል ሊጭን ገባና መኪናው የሰው ድንች ላይ ተቀርቅሮ አደረ። በማግስቱ ሲነግረኝ «መንገዱ እንደሌለ ሦስት ሹፌሮች ያውቁ ነበር» አለኝ። አንዳቸውም አላስተካከሉትም። ስልካቸው ግን በእጃቸው ነበረ።

ካርታ ካነሳሁ አይቀር፣ ዳንግላ ለእኛ ጎረቤት ነው። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እዚያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ሲመጣ የዓባይ አካሄድ በካርታ ላይ ባብዛኛው ነጠብጣብ መስመር ነበር። በበቅሎ እየዞረ፣ ያገሩን ሰው እየጠየቀ ካርታውን ሠራ፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ መጽሐፉን አሳተመ። ስለ ቆንስሉ ሌላ ብዙ መባል ይቻላል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ነጠብጣቡ ነው። ከእሱ በፊት ካርታ የሠሩት ሰዎች ያላዩትን በነጠብጣብ አመልክተው አለፉ። የሚያየው ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ መጠንቀቅ እንዳለበት ያውቃል። የእኛ ልጆች የገመቱትን ሁሉ እንዳዩት አድርገው በወፍራም መስመር ይሥላሉ። «እርግጠኛ አይደለሁም» ለማለት የጥያቄ ምልክት አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

እንዲህ ያልሆኑ ሰዎች እንዳሉ ደግሞ አውቃለሁ። እዚያው ጨዋታ ውስጥ ሲግናል ካርቴል የሚባሉ አሉ። ቴራ ወደምትባለው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደተጨመረችው ሥርዓት የሚያስገቡትን ሽንቁሮች በየቀኑ እየፈለጉ ለጠላትም ለወዳጅም በነጻ ያወጣሉ። በሽንቁሮቹ ማዶ ፕሮብና መልቀቂያ የያዘ ሣጥን ደብቀው ያስቀምጣሉ፤ መንገድ የጠፋው ሰው ቢጠራቸው ሣጥኑ ወዳለበት ይመሩታል። ያ የጋዝ ሌሊት የደረሰብኝ እነሱን ሳላውቅ ነበር። በኋላ ስለነሱ ሳነብ እንባዬ መጣ። የማያውቁት ሰው እንዳይጠፋ ብለው ሣጥን ይቀብራሉ፤ የእኔ ወንድሞች ግን አንድ ቃል ጨምረው አይጽፉልኝም።

ገበያው ተበተነ። ዝናቡ አላባራም። ማታ ካርታውን ከፈትኩት፤ ከዘንገና የሚወጣ አዲስ ሽንቁር ተሥሏል፤ ወዴት እንደሚወስድ አልተጻፈም፣ ዕድሜው አልተጻፈም። ማን እንዳገኘው ጠየቅሁ። አምስት ሰዎች ኦንላይን ናቸው፤ ጥያቄዬን አይተውታል። ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬ ብቻ «ቆይ፣ ፕሮብ ይዤ እየመጣሁ ነው» አለኝ። ሁለታችን ከመጀመሪያው ስካን ማድረግ ጀመርን።