ድመት ዓሣ አርቢ የሆነች ጊዜ

ተረት ተረት። የመሠረት።

በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 7 ቢስ፣ ትኩሱ ነፋስ ቆርቆሮውን በሚያንኳኳበት በአንድ በጋ እመት ድመት ዓሣ አርቢ ሆነች። ሳቃችሁን ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ። ሹመቱን የሰጣት የለም፤ በመንደሩ ስለ ዓሣ ከእሷ አብልጦ የሚያስብ ስለጠፋ ብቻ ነው። በአሮጌ ሮቶ ውስጥ ቆሮሶ አራባች። መኖ ብላ የምትበትንላቸውም ከወደብ የሚመጣ የሰርዲን ዱቄት ነበር።

አንድ ቀን ሰርዲኖች ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌው በፕላስቲክ ባልዲ ተቀምጦ ለጉባኤው ተናገረ፦

«ጌቶቼ፣ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የምንመዝነው እኛ ተቀቅለን፣ ተጨምቀን፣ ደርቀን ስንፈጭ ብንወጣ 1 ኪሎ ዱቄት ነው። በፔሩ ባሕር ያሉ የአንቾቪ ዘመዶቻችንም ዕጣቸው ይኸው ነው። ባሕሩን አራቁቶ ሮቶ መሙላት ምን የሚሉት እርባታ ነው?»

ሰብሳቢው አያ ቁራ ጉሮሮውን ጠረገ። «መፍትሔ ያለው ይናገር።»

ከጓሮ፣ የጫት ገረባ፣ የሩዝ ትራፊና የሙዝ ልጣጭ ከተከመረበት፣ አንዲት ቀጭን ጥቁር ዝንብ ተነሣች። ወታደር ዝንብ ይሏታል፤ ጠመንጃ ግን የላትም።

«አንቺ ደግሞ ከየት ነሽ?»

«የአያቶቼ አገር አሜሪካ ነው።»

«መጤ!» አለ አያ ቁራ። የእሱ ዘር ራሱ ከሕንድ አገር በመርከብ ተሳፍሮ ወደብ ላይ የወረደ ነው። ያስታወሱም ነበሩ፤ ሰብሳቢው እሱ ስለሆነ ዝም አሉ።

«ዝንብ አይደለች? ምግባችን ላይ ልታርፍ ነዋ!» አለች እመት ፍየል፣ ካርቶኗን እያላመጠች።

«እመቤቴ፣ ክንፍ ካወጣሁ ወዲህ እህል ቀምሼ አላውቅም። ውኃ ካገኘሁ ይበቃኛል፤ የምኖረው በእጭነቴ ባጠራቀምኩት ስብ ነው። አልናከስም። የሚበሉት ልጆቼ ናቸው። ያንን ክምር ስጧቸው፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ግማሹን ያጎድሉታል። ጠግበው ሲጠቁሩ ደግሞ ራሳቸው ደረቅ ቦታ ፍለጋ ዳገት ይወጣሉ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ባልዲ አኑሩ።»

«ባልዲው ለምን?» ድመት ጆሮዋን አቀናች።

«ለቆሮሶዎችሽ ነዋ። 500 ያህል እንቁላል እጥላለሁ። ለዘር የሚሆነኝን አስቀሩልኝ፤ የተረፈውን ውሰዱ።»

እዚህ ላይ ዝንቧን ተዉና የሰርዲኑን ሽማግሌ ተመልከቱልኝ። አሁን ስለ ግፍ ሲናገር የነበረው እሱ «ልጆችሽስ?» ሊል አፉን ከፈተ። ዓሣ መቼም አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ስለሚውል ማንም ልብ አላለውም። ዘጋው። ቃለ ጉባኤው ሲቀርብለትም ፈረመ።

ሥራው ያዘ። እጩ ደርቆ ሲመዘን 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ቆሮሶዎቹ ወፈሩ፣ ክምሩ ጎደለ፣ ከክምሩ ላይ የማይጠፉት የቤት ዝንቦችም ቦታ አጥተው ተመናመኑ። መንደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫውን ሳይይዝ ተነፈሰ።

ነገር የመጣው ዓሣው ገበያ ሲያገኝ ነው።

«ደንበኞቼ ጨዋ ቤተሰብ ናቸው» አለች እመት ድመት። «መኖው ከቆሻሻ አደገ ሲባል ቢሰሙ ምን እሆናለሁ? ከዛሬ ጀምሮ ልጆችሽ ንጹሕ ፉርሽካ ብቻ ይብሉ።»

ድመት ይህን ከራሷ አላፈለቀችውም። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2017 የነፍሳት ፕሮቲን ለእርባታ ዓሣ እንዲውል ፈቅዶ፣ ነፍሳቱን የወጥ ቤት ትራፊ ማብላት ግን እንደተከለከለ አቆይቶታል። እነሱ በእብድ ላም በሽታ የተቃጠሉ ናቸውና ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። የእመት ድመት ምክንያት ሐፍረት ነበር።

«ፉርሽካው እኮ የእኔ ነው!» ፍየል ዘላ ተነሣች። የሰማት አልነበረም፤ ወደ ካርቶኗ ተመለሰች።

«እኔ የመጣሁት ለክምሩ ነበር» አለች ዝንቧ።

«ያ ድሮ ነው። አሁን ከፍ ብለሻል፤ ልጆችሽ ከእኛ ማዕድ ይበላሉ» አላት አያ ቁራ። ይህን ሲላት የሸለማት መስሎት ነበር።

ክምሩ ተመልሶ አደገ። የቤት ዝንቦቹ ዘመድ አዝማድ አስከትለው መጡ። አያ ቁራ አስቸኳይ ጉባኤ ጠራ፤ አጀንዳው «ቆሻሻ የሚበላ፣ የማይናከስና ምግብ ላይ የማያርፍ ባለሙያ ከውጭ አገር ስለ ማስመጣት» የሚል ነበር።

ዝንቧ ከኋላ ሆና የፊት እግሯን አወጣች። ጸሐፊዋ ፍየል መዝገቡን አገላብጣ ስሟን ከነዋሪዎች መካከል አጣችው። ያገኘችው ከፉርሽካውና ከሰርዲኑ ቀጥሎ፣ በመኖ ዝርዝር ውስጥ ነበር። መኖ ደግሞ በጉባኤ ተራ ስለማይሰጠው ወደሚቀጥለው ተናጋሪ አለፈች።