የእንጦጦው ማግኔት

ልጆችን ስለ ማግኔት ለማስተማር የሞተ ራዲዮ ይበቃል። ከስፒከሩ ጀርባ ያለችውን ጥቁር ቀለበት ፈልቅቆ መስጠት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ የእነሱ ነው። (ቀለበቷ ትልቅ መሆኗ ደግ ነው። ትንንሾቹን ብልጭልጭ ማግኔቶች ልጅ ሁለት ሦስቱን ከዋጠ አንጀቱን መሀል አድርገው ስለሚሳሳቡ ነገሩ እስከ ቀዶ ጥገና ይደርሳል።)

የእህቴ ልጆች በሩን፣ አልጋውን፣ ቡና የሚቆላበትን ብረት ምጣድ አዳረሱ። ጀበናው ዝም፣ ድስቱም ዝም።

«አጎቴ፣ ድስታችን ፎርጅድ ነው እንዴ?»

ማግኔት ብረትን፣ ኒኬልንና ኮባልትን እንጂ አሉሚኒየምን እንደማይስብ አስረዳሁ። ድስቱ ግን አንዴ ተጠርጥሯል።

ለመግነጢሳዊ መስክ ትምህርት ደግሞ ብረታ ብረት ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ብረት ሲቆረጥ የሚረግፈውን ብናኝ ሠራተኞቹ በነፃ ይሰጣሉ፤ ለምን እንደተፈለገ ሲሰሙ ግን ትንሽ ያዝኑልዎታል። ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልሎ ከወረቀት ሥር ማኖር ነው፤ ያለ ፌስታል ከሆነ ብናኙ ተጣብቆ አይላቀቅም። ከላይ ብናኙን ነስነስ፣ ወረቀቱን በጣት መታ መታ። ብናኙ ብድግ ብሎ ይሰለፋል። «ጃርት!» አለች ትንሿ። ሒሳብ እምብዛም ያልተማረው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እንዲህ ያለውን ጃርት ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ አጣብቆ ያስቀምጥ ነበር። እኛ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥነው።

ቀጥሎ መርፌ ነው። በማግኔቱ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግመን አሸነውና በቅጠል አድርገን የፕላስቲክ ሳህን ውሃ ላይ አንሳፈፍነው። ቀስ ብሎ ዞረና አንድ ጫፉን ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ተራራ አድርጎ ቆመ። ብናዞረውም ተመልሶ እንጦጦ።

«እንጦጦ ላይ ትልቅ ማግኔት አለ ማለት ነው!»

ሳቅ መጣብኝ፤ ግን የድሮዎቹ አውሮፓውያንም ከዚህ የተሻለ አላሰቡም። በሰሜን የማግኔት ተራራ አለ ብለው ካርታ ላይ ሳይቀር ሥለውታል። መሬት ራሷ ማግኔት መሆኗን እ.ኤ.አ. በ1600 በመጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት ነው።

እነዚያው የድሮ አውሮፓውያን ነጭ ሽንኩርት የማግኔትን ኃይል ይገድላል ብለውም ያምኑ ነበር። የኔፕልሱ ሊቅ ዴላ ፖርታ በኮምፓስ የሚጓዙ መርከበኞችን ስለዚህ ቢጠይቅ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከምንተው ሞታችንን እንመርጣለን አሉት። እሱም ነጭ ሽንኩርት በልቶ ማግኔቱ ላይ አገሳበት፤ ጭማቂውንም ቀባው። ማግኔቱ እንደ ቀድሞው ሳበ።

ይህን ስተርክ እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ነጭ ሽንኩርት ቡዳ ያርቃል ብላ ስታምን የኖረች ሴት ናት፤ ሳይነካ የሚጎትት ነገር ደግሞ ከመጀመሪያውም አላማራትም።

«ያ እኮ የፈረንጅ ነጭ ሽንኩርት ነው» አለች። «እስቲ የአበሻውን ይሞክሩት!»

ልጆቹ ሁለተኛ ትእዛዝ አልጠበቁም። ለሽሮው የተላጠውን ሁሉ ወቅጠው ማግኔቱን ለቀለቁት። ምስማሩን፣ መርፌውን፣ ቁልፌን አንድ በአንድ ሳበ።

እናቴ ቀረብ ብላ አየችው። «ገና አልገባበትም፤ ይደር» አለች። ሽሮው ያለ ነጭ ሽንኩርት ቀረበ።