አባ ጎትት

ፈረሴ ቦራ ራሱን ወደ ላይ መወርወር ሲጀምር ጥፋቱን ያላሸከምኩት ነገር የለም። መጀመሪያ ዝንብ ነው አልኩ። ቀጥዬ የሱሉልታን ንፋስ ወቀስኩ። ከዚያም ፈረሱን የሸጠልኝን ሰው ረገምኩ። በ46 ዓመቴ ግልቢያ የጀመርኩት እኔ ግን ከተጠርጣሪዎቹ መካከል አልነበርኩም።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስልኬን ስነካካ መፍትሔውን አገኘሁ፤ የምቾት ልጓም! ስሙ ብቻ ያሳርፋል። የተራው ልጓም ሸክም የሚንጠለጠለው ከጆሮ ኋላ በሚያልፍ ቀጭን ጠፍር ላይ ስለሆነ የጆሮውን ሥር ይጫነዋል። የምቾቱ ጠፍር በጆሮው ሥር ዙሪያ ጎድጎድ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ሰፋ ያለና ከውስጥ የለሰለሰ ነው። የአፍንጫ ማሰሪያውም ከቆዳው ሥር በቅርብ የሚያልፈውን የፊት ነርቭ እንዳይጫን ታስቦ ይሠራል። እስከዚህ ድረስ አልዋሸሁም፤ የዋሸሁት በኋላ ነው።

በማግስቱ እውቀቴን ተሸክሜ ጋጣው ደረስኩ። ቦራን የሚጠብቀው ልጅ የእንጅባራ ሰው ነው። ጥር 23 በመጣ ቁጥር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሜዳውን የሚሞሉበት አገር ማለት ነው፤ ልጁ ከእግሩ በፊት ፈረስ የለመደ ይመስለኛል። ስለ ልጓም ያስተማርኩት እንግዲህ እሱን ነው። «ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በፈረንጆቹ ከ2025 ጀምሮ በማሰሪያውና በአፍንጫው አጥንት መካከል 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መኖሩን በመሣሪያ ይለካል» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ሁለት ጣቱን በቦራ ማሰሪያ ሥር ሰደደ። ያለ ችግር ገቡ።

«ጥርሱን ለሐኪም አሳይተው ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

አላሳየሁም። ሐኪሙ መጣ። ፈረስ ሲያኝክ የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ በጉንጩ በኩል እየሾለ ይሄዳል፤ ማሰሪያ ሲጠብቅ ደግሞ ጉንጩ በዚያ ስለት ላይ ይጫናል። ሐኪሙ ስለቱን ሞረደለት። ቦራ ግማሽ ያህል ተሻለው። ሌላኛው ግማሽ ሕመሙ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ካልተቀየሙኝ አንድ ጊዜ እኔ ልጋልበው» አለ ልጁ። በዚያው በአሮጌው ልጓም ሁለት ዙር ሄደ። የቦራ ራስ ታቦት እንደተሸከመ ቄስ ራስ ቀጥ አለ። ልጁ ወርዶ ዛቡን እያቀበለኝ «እጅዎ ትንሽ ይከብዳል፣ ጋሼ» አለኝ።

«ትንሽ» ያላት ለአክብሮት ነው። እኔ ዛብ የምይዘው ከጉድጓድ ባልዲ እንደሚያወጣ ሰው ነው። ሲፈጥን እጎትታለሁ፣ ሲዘገይ ጨንቆኝ እጎትታለሁ፣ ሚዛኔን ስስት በዛቡ እንጠለጠላለሁ። ብረቱ ደግሞ የሚያርፈው በፊት ጥርሱና በመንጋጋ ጥርሱ መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ነው፤ 84 ኪሎ ሰው የሚንጠለጠልበት ቦታ አይደለም። ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። በዚያው ወግ እኔ ብጠራ አባ ጎትት ነኝ።

ይህን የሰማ ጨዋ ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ያን ዕለት ማታ ጀርመን ላለችው የእህቴ ልጅ ደውዬ ልጓሙን አዘዝኩ። 300 ዩሮ። «ለፈረሱ አዝኜ ነው» አልኳት። ውሸቴ ይኸው ነው። በዚያ ገንዘብ ልጁ ወራት ያስተምረኝ ነበር፤ ግን መማር ማለት በ22 ዓመት ወጣት ፊት ቀኑን ሙሉ «እጅዎን ያላሉ» መባል ነው። ልጓም አይናገርም። ደግሞ የመጀመሪያዬም አይደለም፤ ሳልሮጥበት ያረጀ የሩጫ ጫማና ክር እንጂ ዜማ የሌለው ክራር ቤቴ አሉ።

ለመሆኑ የምቾት ልጓም ዋጋውን ያወጣል? ጥርሱ ታይቶ፣ ማሰሪያው ላልቶ፣ እጀ ቀላል ሰው ሲጋልበውም ራሱን የሚወረውር፣ የጆሮውን ሥር ሲነኩት የሚሸሽ ፈረስ ካለዎት ይግዙለት። ቦራ እንዲህ ያለ ፈረስ አልነበረም።

ልጓሙ በታኅሣሥ መጣ። የትኛውን መጠን ስትለኝ «ትልቁን» ያልኳት እኔው ነኝ፤ ትንሽ ፈረስ አለኝ ማለት ከበደኝ። ትልቁ የሚሠራው ለአውሮፓ ግዙፍ ፈረሶች ነው፤ የእኛ አገር ፈረስ ደግሞ አብዛኛው ቁመቱ ከ1.40 ሜትር አያልፍም። ለቦራ ስናጠልቅለት የግንባሩ ጠፍር ዓይኑ ላይ ወረደ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

አሁን ሳሎን ውስጥ ከክራሩ ጎን ተሰቅሏል። ለአምስት ደቂቃ ያህል አገልግሏል። ትልቅ ፈረስ ያለው አንባቢ ካለ ይምጣ፤ በዋጋው አንጓተትም።