የዘጠኝ ሰዓት ቡም፦ ስለ ድሬዳዋ የከሰዓት ብልጽግና የቀረበ መነሻ ጥናት

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ድንገት ተነስቶ የሚንር ሀብትን «ቡም» ይለዋል። ቃሉን ለገበያ ያዋሉት በ1870ዎቹ (እ.አ.አ.) አሜሪካኖች ናቸው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ቡምን በስንት ዓመት አንዴ የሚመጣ፣ መምጫው የማይታወቅ እንግዳ አድርገው ያስተምሩታል። ይህ ጥናት በትምህርቱ አይስማማም። ድሬዳዋ ላይ ቡም በየቀኑ ይመጣል፤ ሰዓቱም የታወቀ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ትንሽ ይዘገያል።

ጥናቱ የተካሄደው ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ በርጫ ቤት፣ መከዳ ተደግፎ ነው። ተሳታፊዎቹ የተመረጡት በዘፈቀደ ሲሆን፣ ዘፈቀደው የሆነው አጥኚው ሲገባ ሁሉም እዚያው ስለነበሩ ነው። አጥኚው ገለልተኛነቱን ለመጠበቅ ከለውዙ በስተቀር ምንም አልነካም። ለውዙም ሲያልቅ ቆመ።

ስለ ቦታው ታሪክ ጥቂት መባል አለበት፤ ከተማዋ ራሷ የተወለደችው በእንዲህ ዓይነት ስሌት ነውና። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረርን ይነካል፣ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ነጭ አባይ ይዘልቃል የሚል ሐሳብ ነበር። መሐንዲሶቹ የሐረርን ተራራ ቀና ብለው አዩና ከሥሩ ቀሩ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ለቦታውም «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጣለት። ነባሯ ሐረር በሕይወት እያለች መሆኑ ነው። ከዚያ ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ከሰረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በሌላ ኩባንያ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ነጭ አባይ እስከ ዛሬ እየጠበቀ ነው። በመካከሉ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬ ነበረች፤ ነጋዴውም፣ ግመሉም፣ መጋዘኑም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ሕንዱም እዚሁ ተከማቸ። በፈረንሳይ አክሲዮን ገዢ ዓይን ይህ ኪሳራ ነው። በድሬ ልጅ ዓይን ግን የከተማ ምሥረታ ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የቡሙ ጥሬ ዕቃ ጫት ነው፤ ከአወዳይ በኩል፣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ይመጣል። ስለ ፍጥነቱ ብዙ ይወራል፤ ሕዝቡ የጫት አይሱዙዎችን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሾፌሮቹን ከመውቀስ በፊት ግን ኬሚስትሪውን ማየት ፍትሐዊ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ግድም ውስጥ እየደከመ ካቲን ወደሚባለው ደካማ ዘመዱ ይለወጣል። ስለዚህ የዘገየ መኪና የሚያደርሰው ቅጠል ብቻ ነው፤ ብልጽግናው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ከ8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሰማ የረባ ነገር የለም። ተሳታፊው ዙርባውን ፈቶ ለጋውን ከገራባው ይለያል፤ ውጭ ሙቀቱ ሱቆችን በራቸውን ገርበብ አስደርጓል፤ ወሬው ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት የተሳታፊዎቹ ሀብት በኪሳቸው ካለው ጋር እኩል ነው። ይህን ልብ ይሏል፤ ከዚህ በኋላ ሁለቱ አይገናኙም።

9 ሰዓት ሲሆን ምርቃና ይገባል። የአጥኚው ማስታወሻ የሚከተለውን ይዟል።

«አቦ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለው ዕቃ እኮ ጫኝ አጥቶ ነው የቆመው!»

«ወላሂ፣ አንድ ሲኖትራክ ብቻ ብናገኝ።»

«አንድ ምን ይሠራል? አምስት እንበለው።»

አምስት ተባለ። ተቃውሞ አልቀረበም። የካፒታል ዕድገቱ የፈጀው ጊዜ አንድ ቅጠል ለማኘክ የሚበቃ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ድርጅቱ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በተከፈተው ነጻ የንግድ ቀጠና ውስጥ መጋዘን ያዘ። 10 ሰዓት ላይ ሆቴል ገነባ። ሆቴሉ መጀመሪያ ጂ ፕላስ አራት የነበረ ሲሆን፣ አንደኛው ባለአክሲዮን ከላይ ሆኖ የደቻቱን ወንዝ ማየት ስለፈለገ ጂ ፕላስ ሰባት ሆነ። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ መሆኑ በዲዛይኑ ላይ ለውጥ አላመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ተሳታፊ፣ ዘግይቶ የመጣና ገና ያልመረቀነ፣ «መነሻ ገንዘቡ ከየት ነው?» ሲል ጠየቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለው ሰው «ነጃሳ» ይባላል፤ ድርጊቱም መነጀስ ነው። በዘመናዊው አሠራር ተቀራራቢው የሥራ መደብ ኦዲተር ነው፤ አያያዙም ከኦዲተር ብዙም አይለይም። «አቦ አትነጅሰና!» ተብሎ ጥሩ ጥሩው ቅጠል ተሰጠው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስድስተኛውን መኪና ያቀረበው እሱ ነው።

አጥኚው በሆቴል አዳራሽ የሚካሄዱ የልማት ዐውደ ጥናቶችን የመከታተል ዕድል አጋጥሞት ያውቃል። ሁለቱን ማነጻጸር ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው። በዚያኛው ለተሳታፊው አበል እንደሚከፈለውና በዚህኛው ግን ራሱ እንደሚከፍል ብቻ ተመዝግቦ ይለፍ።

11 ሰዓት ግድም ወሬው ይሞታል። እያንዳንዱ ወደየሐሳቡ ይገባል፤ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ከዚያ ማዘቅዘቅ ይጀምራል። ገሚሱ በጨብሲ ሊሰብረው ወደ ቢራ ይሄዳል፤ ገሚሱ ቤቱ ገብቶ በዱካክ ሌሊቱን ያጋምሳል። የሆቴሉ ፎቆች ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይፈርሳሉ። መኪኖቹ የት እንደሚሄዱ አልታወቀም።

ጥናቱ ወለል ላይ ሳይሆን በር ላይ ያገኘው አንድ ግኝት ግን አለ። ከደጃፉ ጥላ ሥር እርጥብ ጆንያ ዘርግታ ጫት የምትሸጥ ሴት አለች። እሷ አትቅምም። ስለ ጅቡቲ ወደብ አስተያየት የላትም። የዱቤ ደብተር አላት፤ ባለአክሲዮኖቹ በሙሉ ስማቸው እዚያ ሰፍሯል፤ ከስማቸው አጠገብ ያለው ቁጥርም ከቡሙ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ከቡሙ ጋር ግን አብሮ አይወድቅም። ባለፈው ዓመት በጭቃ ቤቷ ላይ አንድ ክፍል ጨምራ አከራይታለች። አጥኚው ስለ ብልጽግና ምን እንደምታስብ ሲጠይቃት «እህ? ትገዛለህ ወይስ ቆመህ ጥላውን ትዘጋለህ?» የሚል ምላሽ ሰጥታለች። መልሱ ለትንተና አመቺ ባለመሆኑ ከመረጃው ወጥቷል።

ለተከታይ አጥኚዎች አንድ ነገር ይነገር። በጥናቱ ጊዜ በድርጅቱ ውስጥ የታየው ብቸኛ ጸብ በገንዘብ ሳይሆን በሾፌር ነው። አንደኛው ባለአክሲዮን የመጀመሪያውን ሲኖትራክ ወንድሙ እንዲነዳው ጠየቀ፤ ሌላኛው ወንድምየው ባለፈው ባጃጁን አሸዋ ገበያ አጠገብ እንደገለበጠ አስታወሰ። ድምፅ ከፍ አለ፤ ለውዝ ተበተነ፤ የሆቴሉ ድርሻ ይመለስልኝ እስከመባል ተደረሰ። ሽማግሌ ገብቶ አበረዳቸው፤ የሾፌሩ ጉዳይም ለነገ 8 ሰዓት በይደር ተላልፏል።