ከልደታ የሸኘሁት ቆቃ ጠበቀኝ

ዘንድሮ ልጆቼን ምን እንደነካቸው አላውቅም፤ ቅዳሜ ሲደርስ ውኃ ካላዩ አያስችላቸውም። ለአንድ ቀን ከሆነ ቢሾፍቱ፣ በዓል ከተደረበ ላንጋኖ፣ እጃቸው ላይ ትንሽ ብር ካደረ ሐዋሳ። ባሕር ዳርማ በአውሮፕላን ነው። ከወደቡ ጋር ከተለያየን ወዲህ ኩሬ ያየ ሁሉ «ቢች» ይላል። በእኛ ጊዜ ባሕር ያማረው ሰው ምጽዋ ይወርድና ጉርጉሱም ላይ ጨው ጠጥቶ፣ ቆዳው ተልጦ፣ ተፀፅቶ ይመለስ ነበር። ቢያንስ ባሕር ነበር።

ባለፈው ሰሞን አማቼ «አባባ፣ እርስዎም ይምጡ፣ አየር ይቀይሩ» አለኝ። የልደታን አየር ምን አገኘበት? ቦሌ ሳይከፈት አውሮፕላኑ ሁሉ የሚያርፈው እኛ ሰፈር ነበር፤ ፈረንጅ የኢትዮጵያን አየር አንድ ብሎ የሳበው እዚሁ ነው። የቱሪዝሙ ሰው ሀብተሥላሴ ታፈሰም ለቱሪስት የሸጡት ፀሐይ ነው፣ 13 ወር ሙሉ። ብልህ ሰው ነበሩ፤ ፀሐይ ስንት ሰው ቢሞቃት አትቆሽሽም። የዛሬዎቹ የያዙት ውኃ ነው።

ብቻ ሄድኩ። ቆቃ ሐይቅ ዳር፣ ጥላ ሥር፣ እግሩ ከሚነቃነቅ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ቆሮሶ ተጠብሶ ከነራሱ መጣ፣ ሎሚና ዳጣ ተከተለው። ዓሣው ደግ ነበር፣ አላማም። ቀና ብዬ ውኃውን ሳየው ግን ጎመን ተቀቅሎ የተደፋበት ይመስላል። ዳር ዳሩን አረንጓዴ ቅባት ነገር ይዞ፣ ነፋሱ ወደ እኛ ሲገፋው ደግሞ ሽታውን ይዞ ይመጣል። አስተናጋጁን ጠርቼ ምንድነው ብለው «የተፈጥሮ ቀለሙ ነው ፋዘር» አለኝ። የልጅ ልጄ በዚያ ቀለም ፊት ቆማ አርባ ጊዜ ፎቶ ተነሣች።

እኔ ደግሞ ሽታውን አወቅሁት። የሰፈሬ ነው!

የማያምን ካለ መንገዱን ልንገረው። ልደታ ውስጥ የታጠበ፣ የተደፋ፣ በክረምት ጎርፍ የተለቀቀ ነገር ሁሉ መጨረሻው ትንሹ አቃቂ ነው። ሽንት ቤቱን በቱቦ ወደ ወንዝ ያገናኘ ባለቤት በከተማው ሞልቷል፤ በቀን ሲጠየቅ የጎረቤቱን ያሳያል፣ ሌሊት ይለቃል። ጋራዡ ዘይቱን፣ ቆዳ ፋብሪካው ኬሚካሉን ይጨምርበታል። ትንሹ አቃቂ ይህን ሁሉ ተሸክሞ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከታላቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል፤ ታላቁም የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው። አባ ሳሙኤል ማለት ያ በድሮ ጊዜ ለአዲስ አበባ መብራት ይሰጥ የነበረው ነው። ደለል ሞልቶት ስንት ዓመት ቆሞ ከርሞ፣ ቻይናዎች ጠግነውት በ2009 ዓ.ም. እንደገና ተመረቀ፤ 6.6 ሜጋ ዋት። እንግዲህ መብራት የሚጠፋብን ቆሻሻ አንሶን እንዳልሆነ ይታወቅልን።

ከአባ ሳሙኤል በኋላ አዋሽ ይቀበለዋል፣ አዋሽ ደግሞ ቆቃ ያደርሰዋል። ቆቃን በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በጦር ካሳ ሠራችልን፤ እኛ ደግሞ በየቀኑ እንሞላዋለን። ከዚያ ወዲያ አዋሽ አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል እንጂ ባሕር አይገባም። እኛ ብቻ ሳንሆን ቆሻሻችንም ወደብ የለውም።

ጉዞው ላይ የሚቀር ነገር የለም እንዳትሉ፤ መንገድ ላይ የሚወርድ አለ። በአቃቂ ዳር ዳር ጎመኑ፣ ቆስጣውና ሰላጣው በዚሁ ውኃ ይለማል፣ ማለዳ ተጭኖ ወደ ከተማው ይመለሳል። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና ጎመን ሦስቴ ሳታጥብ አትከትፍም ነበር። በምን ውኃ ታጥበዋለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ቤት ውስጥ ሰላም ይሻላል።

ለአማቼ ይህን ስነግረው «አባባ፣ ይዝናኑ እንጂ» ይላል። እየተዝናናሁ ነዋ! የተማሩት እንደሚሉት አረንጓዴው ነገር አልጌ ነው፤ የቆቃው ማይክሮሲስቲስ የሚሉት ዓይነት ነው። ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽና ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያበላዋል፣ እሱም ጠግቦ ይሰፋል። የሚረጨው መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ውኃውን ቢያፈሉትም መርዙ አይጠፋም። እኛ ዓሣ በልተን ወደ ከተማ እንመለሳለን፤ ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ግን በጀሪካን ቀድተው ይጠጡታል፣ ከብቶቻቸውም እንደዚያው። ይህ ሲገባኝ ዳጣው ራሱ አቃጠለኝ።

እምቦጭንም ጣና ላይ የተፈጠረ የሚመስላቸው አሉ። ጣና ላይ ወሬው የተነሣው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ቆቃና አዋሽ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ታይቷል ተብሎ ተጽፏል። ከአማዞን ድረስ የመጣ አረም ነው፤ ቪዛ ሳይጠይቅ የገባ፣ የማይመለስ ቱሪስት። እሱም የሚወደው ያንኑ ፍሳሽ ነው።

«እሺ፣ ቆቃ ይቅር፣ ቢሾፍቱ እንሂድ» አለች ልጄ፤ ሐይቅ ለውጣ አባቷን ልታስታርቅ። ቢሾፍቱ የባሰ ነው! እነ ሆራ፣ እነ ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፤ የገባ ውኃ የሚወጣበት ወንዝ የለም። ዙሪያውን በየገደሉ አፍ ላይ ሪዞርት ተደርድሯል። ሁሉም አልጋው ሐይቅ ያያል ይላል፤ የሽንት ቤቱስ ጉድጓድ ወዴት ነው የሚያየው? የሐዋሳ ሐይቅም መውጫ የለውም፤ ከተማው ግን በየዓመቱ ይሰፋል፣ ጥቁር ውኃ ወንዝም የፋብሪካውን አካባቢ አልፎ ይገባበታል። ከዚህ አንፃር ቆቃ ቢያንስ ያሳልፋል፣ ለአፋርም ያካፍላል።

መንግሥትስ ምን ይላል ትሉኝ ይሆናል። የአዲስ አበባ ወንዞችን ለማስዋብ በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ 29 ቢሊዮን ብር የተገመተ ዕቅድ ወጣ፤ ለዚሁ «ገበታ ለሸገር» ተብሎ ባለጠጎች ለአንድ እራት 5 ሚሊዮን ብር ከፈሉ። ለወንዝ ራት መብላት መልካም ነው፣ አልቃወምም። ዳር ዳሩ ሣር ተተክሏል፣ መብራት ተተክሏል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሣበታል። የእኔ ጥያቄ ከሣሩ ሥር ስለሚያልፈው ቱቦ ነው። ይህን ስጠይቅ የቀበሌው ጎረምሳ «ጋሼ፣ እርስዎ በጎውን አያዩም» ይለኛል። ዓይኔ ሞራ አለበት፤ አፍንጫዬ ግን ደህና ነው።

አሁን ደግሞ ለፋሲካ ሐዋሳ እንሂድ ተብሏል። አልሄድም አላልኩም፤ ሰው ናፋቂ ነኝ፣ ዓሣም እወዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ ሴፕቲክ ታንኩ ከውኃው ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ሲሞላ ማን እንደሚመጥጠው፣ የተመጠጠውስ የት እንደሚደፋ ጠይቁልኝ አልኩ። ልጄ አፈረች፣ አማቼ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ብዙ ካሰበች በኋላ «ዋይፋይ አለን፣ ሙቅ ውኃ አለን፣ ቁርስ ከዋጋው ጋር ነው» አለች። ሴፕቲኩን ሲደግምላት «ማናጀሩን ልጠይቅ» ብላ ዘጋች። ማናጀሩ እስካሁን አልተገኘም፤ ቀብዱ ግን ተከፍሏል።